ልብ አንጠልጣዩን ከምርመራ ልቦለዱ የሚለየው

እህታችን፣ «ልቦለዴ በግድያ ይጀምራል፤ ያነበቡልኝ ሰዎች ግን ልብ አንጠልጣይ አይደለም አሉኝ። ምን ጎድሎት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ፤ ምንም ላይጎድለው ይችላል። ዘውጉ ሌላ ሆኖ ይሆናል።

ደሴ ውስጥ ለዓመታት መጻሕፍት ሳከራይ የአንባቢን ጠባይ በቅርብ አይቻለሁ። አንድ ተንኮለኛ ደንበኛ የአንድ ምርመራ ልቦለድ ሁለተኛ ገጽ ላይ የገዳዩን ስም በእስክሪብቶ ጽፎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ የወሰደው ሁሉ በማግስቱ እያጉረመረመ ያመጣው ጀመር፤ በመጨረሻም ጠያቂ አጣ። በአንጻሩ ፍሬድሪክ ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመውን፣ የፈረንሳዩን ፕሬዝዳንት ደ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ሰው የሚተርከውን ልቦለድ ተመልከቺ። ደ ጎል በ1970 በገዛ ቤታቸው ማረፋቸው የታወቀ ነው። ነፍሰ ገዳዩ እንደማይሳካለት መጽሐፉ ሳይገለጥ ይታወቃል፤ ሰው ግን እንቅልፉን አጥቶ ያነበዋል።

የምርመራ ልቦለድ ያለፈውን ይቆፍራል፤ ገዳዩ ሲታወቅ ያበቃለታል። ልብ አንጠልጣይ አደጋውን ከፊት ያስቀምጣል፤ ብዙውን ጊዜም አንባቢው ከባለታሪኩ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ሽጉጡና የመኪና ማሳደዱ ጌጥ ናቸው። (ሽፋኑ ላይ «ልብ አንጠልጣይ» ያልተባለ የፍቅር ልቦለድ ማግኘትማ ከባድ ሆኗል።)

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ነገሩን በቦምብ አስረድቶታል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ከሥር ያለው ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው። ቦምቡ መጠመዱን ቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል።

ይህንኑ ወደ ሐረጎ ቁልቁለት እናምጣው። አንድ አይሱዙ እህል ጭኖ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ500 ሜትር በላይ ያወርዳል። ሌሊት አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ የፍሬን ዘይት ቱቦውን ሲያላላ አንባቢው አይቷል። ጠዋት ሹፌሩ ሻዩን ፉት እያለ ከረዳቱ ጋር ይቀልዳል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ለምናው ጋቢና ያስገባታል። መንገዱን ጉም ሸፍኖታል። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ፍሬኑ በደንብ ይይዛል። እኔ ብሆን እዚህ ላይ አልቸኩልም። ቀጥሎ ባለው ኩርባ ፔዳሉ ከወትሮው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ሹፌሩ ልብ ሳይለው ጨዋታውን ይቀጥላል። ገና አንድም ሰው አልተጎዳም፤ አንባቢው ግን ወንበሩን ጨብጧል።

አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን ሁሉን ነገር ደብቀው በመጨረሻው ገጽ ሲገልጡት ልብ ያንጠለጠሉ ይመስላቸዋል። ያ ማስገረም ነው፤ ሰከንዶች ይቆያል። ሌላው ድክመት ደካማ ባላንጣ ነው፤ ጠላቱ ከባለታሪኩ አንድ እርምጃ ካልቀደመ ማንም አይሰጋም።

ያንቺ ሟች በመጀመሪያው ገጽ ስለሞተ፣ ቀሪውም ፍለጋ ስለሆነ፣ የጻፍሽው የምርመራ ልቦለድ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ወደ ልብ አንጠልጣይ ልቀይረው ካልሽ ሁለተኛ የሚገደል ሰው አምጪ፤ ማን እንደሆነ ለአንባቢው ንገሪው፤ ቀኑንም ቁረጪ። የባቲ ሰኞ ገበያ ሳይበተን በይ፤ ሰውየውንም ሳያውቅ ግመሉን ይዞ ወደዚያው እንዲሄድ አድርጊው።