22 ዓመቴ ነው፣ በረኝነቱን ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ የአንድ ክለብ ሁለተኛ በረኛ ነኝ፣ ሙሉ ሲዝን ቤንች ላይ አለቀ። እኩዮቼ አጥቂዎቹ ቋሚ ሆነዋል፣ እናቴ ደሞ ተወውና ባጃጅ ንዳ እያለችኝ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለበረኛ 22 ገና ልጅነት ነው። ጣልያናዊው ዲኖ ዞፍ አምበል ሆኖ የ1982ን የዓለም ዋንጫ ሲያነሳ 40 ዓመቱ ነበር፣ ግብፃዊው ኤሳም ኤል ሃዳሪ ደሞ በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ በ45 ዓመቱ የሳውዲን ፔናሊቲ አዳነ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። በረኛ እንደ ክንፍ ተጫዋች ሲሮጥ አይውልማ፣ ዋናው ቦታ አያያዝና ጨዋታ ማንበብ ነው፣ እሱ ደሞ በመጫወት እንጂ በመቀመጥ አይመጣም።

ችግሩ ቦታዋ አንድ ብቻ ናት፣ አሰልጣኝ አጥቂ እንደፈለገ ይቀይራል በረኛን ግን ካልተጎዳ ወይ ቀይ ካርድ ካላየ አይነካውም። በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ሲያይ ዘሪሁን ታደለ ከቤንች ተነስቶ ገባ፣ 1 ለ 1 ወጣን። እንደዛ ድንገት ነው የሚጠሩህ።

እኔ ብሆን በውሰት ወደ ከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ወዳለው) ልሂድ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ግራ እግሬንም እሰራለሁ፣ ከ1992 ወዲህ ተከላካይ በእግሩ የመለሰልህን ኳስ በእጅ መያዝ የለማ። እናትህን አትቆጣት፣ ባጃጁም ከልምምድ በኋላ ይነዳል። ጓንትህን ደሞ አጥበህ ጥላ ውስጥ ስቀለው፣ የባህር ዳር ፀሐይ መዳፉን አድርቆ ይሰነጣጥቀዋል።