የአንጀት ካንሰር ምርመራና የስልክ ሜሴጅ፦ ጠይቁኝ ብዬ የተጠየቅኩት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ደሴ ከተማ ነው ያለሁት፣ ነርስ ነኝ፣ ለታካሚ የቀጠሮ ማስታወሻ ቴክስት በሚላክበት ስራ ላይም እጄ አለበት። ሰውን በሜሴጅ ጠርቶ የትልቁን አንጀት ካንሰር ቀድሞ ማስመርመር ይቻላል ወይ የሚለውን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የመጡትን እንደመጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ምንም ያላመመውን ሰው ለምን ትጠሩታላችሁ? ስራ ፈት ካልሆነ ማን ይመጣል?

መልስ፦ ያላመመውን ነው እኮ የምንፈልገው ወንድሜ። ይሄ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል አንጀት ግድግዳ ላይ ከሚበቅል ትንሽ እባጭ ነው፣ ወደ ካንሰር እስኪቀየር 10 አመት አካባቢ ሊፈጅ ይችላል፣ እስከዛ አያምም አይሰማም፣ በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አንጀትን ከውስጥ ማየት ነው) ከተገኘ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዛው ተቆርጦ ይወጣል። ያመመውማ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ያውም ጸበሉን ተጸብሎ፣ ዱአውን አስደርጎ፣ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ።

ጥያቄ፦ ሜሴጅ በእርግጥ ሰው ያንቀሳቅሳል? ማስረጃ አለ?

መልስ፦ ቴክስት ብቻውን ትንሽ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ እውነቱን ልንገርህ። ውጭ አገር ውጤት ያመጣው ዘዴ፣ ሰገራ ውስጥ አይን የማያየውን ደም የሚፈልገውን ኪት፣ ፊት (FIT) የሚባለውን፣ ቤት ድረስ መላክና ላልመለሰው ደግሞ ማስታወሻ መደርደር ነው። ሰሜን ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ የሚባለው የጤና ድርጅት በዚህ መንገድ ሰርቶ፣ ምርመራቸውን በጊዜው የጨረሱት በ2000 ወደ 39 ፐርሰንት የነበሩት በ2015 ወደ 83 ደረሱ፣ በዚህ ካንሰር የሚሞተውም ከግማሽ በላይ ቀነሰ (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፣ እዛው አሜሪካ ለአንዱ ወገን "ኪት ከፈለጋችሁ ንገሩን" ተባለ፣ ለሌላው "ልንልክላችሁ ነው፣ ካልፈለጋችሁ ንገሩን" ተባለ፣ ከመጀመሪያው የተመረመረው 10 ፐርሰንት ገደማ፣ ከሁለተኛው 29 ገደማ። ሰው እምቢ ስላለ ሳይሆን "እሺ በኋላ" እያለ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ታዲያ እኛ ጋ ኪቱን በፖስታ ላኩልን?

መልስ፦ በየትኛው ፖስታ እመቤቴ? እኛ ጋ ፖስታ በአብዛኛው ሳጥን ቁጥር ላለው እንጂ ቤት አንኳኩቶ አይሰጥም። ሌላው ሙቀቱ ነው፣ የባቲና የኮምቦልቻ ፀሐይ ናሙናው ላይ ያለውን ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኪቱ የሚፈልገውን የደም ክፍል፣ ያፈርሰዋል፣ ደም ያለበት ሰው "ነፃ ነህ" ሊባል ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ካለመመርመር የባሰ ነው። ስለዚህ ኪቱ በጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ እጅ ቢሰጥና ቶሎ ተመልሶ ቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል። ቢልሃርዚያና የአንጀት ትላትል ባለበት አካባቢም ደም የተገኘበት ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ ይሄንንም አብሮ መንገር ነው፣ አለበለዚያ ሰው በድንጋጤ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሜሴጁ ላይ ምን ይጻፍ?

መልስ፦ ቆንጆ ጥያቄ። መጀመሪያ ቴክኒኩ፦ በላቲን ፊደል አንድ ቴክስት 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፣ ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ሁለት ሶስት ይቆጠራል፣ ሂሳቡም እንደዛው። ስለዚህ አጭር፦ "ከጤና ጣቢያ። የምርመራ ቀጠሮዎ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ካርድ ይዘው ይምጡ።" በቃ። ቀን፣ ሰአት፣ ይዞ የሚመጣው። ካንሰርም ሰገራም የሚል ቃል አይገባም፣ ምክንያቱም ስልኩን የሚከፍተው ልጅ ነው፣ ለጋሼ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸውም ልጅ ነው፣ ጎረቤት ቡና ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ዝርዝሩ በድምፅ ይሁን፣ ሰው ደውሎ ያስረዳ፣ ማንበብ ለማይችሉትም የሚደርሰው እሱ ነው። ከሚሴ ዙሪያ በኦሮምኛ ይደወል፣ አማርኛ ይችላሉ ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ለባቲ ሰው ደግሞ ሰኞ ቀጠሮ አትስጡ፣ ገበያ ትቶ የሚመጣ የለም።

ጥያቄ፦ ረመዳን ላይ ቢሆንስ?

መልስ፦ የሰገራ ናሙና መስጠት የሚዋጥ ነገር የለውም፣ የጾሙን ጉዳይ ግን ሼኾቹን ጠይቁ፣ እኔ ፈትዋ አልሰጥም። ኮሎኖስኮፒ ሌላ ነው፣ አንጀት ለማጠብ ብዙ ሊትር ይጠጣል፣ ካልቸኮለ ከኢድ በኋላ ይቀጠር።

ጥያቄ፦ ጥሬ ስጋ በልቼ ልመርመር? ደሙን አያሳይም?

መልስ፦ ፊት (FIT) የሰው ደም ብቻ ነው የሚለየው፣ ብላ። የድሮው ቴስት ግን በስጋ ይሳሳታል፣ ላብራቶሪው የቱን እንደሚሰራ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከስንት አመት ጀምሮ?

መልስ፦ አሜሪካ በ2021 ከ50 ወደ 45 አውርደዋል፣ እንግሊዝ ከ50 እስከ 74 በየሁለት አመቱ ኪት ይልካል። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይ እህት በዚህ ካንሰር ከታመመ በ40፣ ወይም ዘመዱ ላይ በሽታው ከታወቀበት እድሜ 10 አመት ቀድሞ፣ የቱም ቀድሞ የመጣው።

ጥያቄ፦ ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል ይባላል፣ ሰው በዚህ ነው የሚፈራው።

መልስ፦ ዘግይቶ የተከፈተው ሰው ቶሎ ስለሚሞት ነው ወሬው የወጣው። ቢላው ሳይሆን መዘግየቱ ነው።

ጥያቄ (ጤና ጣቢያ የምሰራ)፦ ታዲያ ከ45 በላይ ላለ ታካሚ ሁሉ ቴክስት እንልቀቅ?

መልስ፦ ኧረ ቆይ። ለማህፀን በር ካንሰር አገር አቀፍ ምርመራ አለን፣ ለአንጀት ግን የለንም፣ ኮሎኖስኮፒም እንደልብ አይገኝም። ሺህ ሰው ጠርተህ ደም የተገኘበትን "ወረፋ ጠብቅ" ብትለው፣ ሁለተኛ ለክትባትም ስትጠራው አይመጣም፣ ስልክህንም አያነሳም። እኔ ብሆን የምጀምረው ከታማሚዎቹ ዘመዶች ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ምግብ የሚያመላልሱት ወንድምና እህት እኮ ከሌላው ሰው ይልቅ ስጋት ያለባቸው እነሱ ናቸው፣ ስልካቸው ደግሞ ካርዱ ላይ "ተጠሪ" ተብሎ ተጽፏል፣ ማንም ደውሎላቸው ግን አያውቅም። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ኮሎኖስኮፒ ለሚያስፈልገው ቦታ ቀድመህ ያዝ፣ ከዛ ደውል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ እናቴ 58 አመታቸው ነው፣ ሽንት ቤት ሲቀመጡ ደም ካዩ ወራት ሆነ፣ ኪንታሮት ነው ይላሉ። በናንተ በኩል ቴክስት ቢላክላቸው እሺ ይላሉ ብዬ ነው።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ግን ይሄ የሜሴጅ ጉዳይ አይደለም። ቅድመ ምርመራ ምልክት ለሌለው ነው፣ እሳቸው ምልክት አላቸው፣ ፊት (FIT) ቢሰራላቸውና ነፃ ቢልም አልቀበለውም። ኪንታሮቱም ሊኖር ይችላል፣ ከሱ በላይ ሌላ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፣ የደም ማነስ ይታይላቸው፣ ክብደት ቀንሰው እንደሆነ ወይ የሰገራ አወጣጣቸው ተቀይሮ እንደሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ፣ እሳቸው አፍረው ይደብቁታልና።