ጥያቄና መልስ፦ ቦርዱ ሲለግስ ከማን ኪስ ነው?

ስለ ኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ላካችሁ። ግማሹ ጥያቄ፣ ግማሹ ብሶት ነው። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

አንድ የባንክ ባለአክሲዮን ተናደዋል። ቦርዱ በቴሌቪዥን ሚሊዮኖች ሲለግስ ያያሉ፤ የእሳቸው የትርፍ ድርሻ ግን ቀንሷል። «በእኔ ገንዘብ እንዲመጻደቁ ማን ፈቀደላቸው?» ይላሉ።

መጀመሪያ የሂሳብ ሪፖርቱን ይመልከቱ። የተበላሸ ብድር የሚበላው ከልገሳው በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

ክርክሩ ራሱ ያረጀ ነው። ሄንሪ ፎርድ ለባለአክሲዮኖች ልዩ የትርፍ ክፍያ አልሰጥም፣ ገንዘቡን ለፋብሪካ ማስፋፊያና የመኪና ዋጋ ለመቀነስ አውለዋለሁ አለ። ከባለአክሲዮኖቹ መካከል የሆኑት የዶጅ ወንድማማቾች ከሰሱት። በ1919 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያ በዋናነት የሚቋቋመው ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ነው ብሎ ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወሰነ። ማስፋፊያውን ግን አልከለከለም። (ዶጆቹ በዚያን ጊዜ የራሳቸውን መኪና ያመርቱ ነበር። የሕዝብ ጠበቃ አድርገን አናስባቸው።)

እኛ ዘንድ ሂሳቡን የሚያጸድቀው፣ የትርፉን አከፋፈል የሚወስነው፣ ቦርዱንም የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባዔው ነው። እዚያ እጅዎን ያውጡ። ስንት ተሰጠ? ለማን? ማን ወሰነ? ከተቀባዩ ጋር ዝምድና ያለው የቦርድ አባል አለ? ብቻ የምሳ ሰዓት ደረሰ ብለው ከአዳራሹ አይጥፉ። ክስ ካሰቡ ደግሞ ይህን ዓምድ ይዘው ፍርድ ቤት እንዳይሄዱ። የንግድ ሕግ ጠበቃ ያማክሩ፤ የምሬን ነው።

«ኩባንያው ለሰፈሩ ሰው ካላንደር አደለ። ይኼ ማኅበራዊ ኃላፊነት ይባላል?»

ማስታወቂያ ይባላል።

«መንግሥት ለምን በሕግ አያስገድዳቸውም?»

ህንድ አስገድዳለች። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩባንያዎች ሕጓ ትልልቆቹ ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ ያዛል። ቦርዱም የራሱ ኮሚቴ ይኖረዋል። መጀመሪያ ላይ ገንዘቡን ያላወጣ ቦርድ ምክንያቱን በሪፖርቱ ከገለጸ ይበቃው ነበር፤ ኋላ ሕጉ ጠበቅ አለ። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን ሁለት በመቶው ላይ ስናፈጥ፣ ትርፉ እንዴት ተገኘ የሚለውን ማን ይጠይቅ?

አንዲት አንባቢ በቅርቡ የአንድ ኩባንያ ቦርድ አባል ሆናለች። «ወጣትና ሴት ስለሆንኩ መሰለኝ፣ የማኅበራዊ ኃላፊነት ኮሚቴውን ለእኔ ጣሉብኝ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ከችግኝ ተከላው አትጀምሪ።

ሪዮ ቲንቶ የተባለውን የማዕድን ኩባንያ ተመልከቺ። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጁካን ጎርጅ የነበሩ ጥንታዊ የዋሻ መጠለያዎችን ለብረት ማዕድን ሲል በፈንጂ አወደመ። ሰው ከ46 ሺህ ዓመት በፊት እንደኖረበት ማስረጃ የተገኘበት ቦታ ነው። ለነባሮቹ ባለቤቶች ደግሞ የተቀደሰ ነው። ኩባንያው የመንግሥት ፈቃድ በእጁ ነበር። ስለ ዘላቂነትም በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣ ነበር።

ቦርዱ ጉዳዩን አጣርቶ የሦስት ኃላፊዎችን ቦነስ ቆረጠ። ኢንቨስተሮቹ ይኼማ ቀልድ ነው ብለው ተነሱ። በመስከረም ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዣን ሴባስቲያን ዣክና ሌሎቹ ሁለቱ እንደሚለቁ ተነገረ። በማግሥቱ ዓመት የቦርድ ሰብሳቢውም መልቀቃቸውን አስታወቁ።

እኔ የማልረሳው ግን ሌላ ነገር ነው። ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ያለውን ጉዳይ የሚከታተለው ክፍል በኩባንያው የኮርፖሬት ግንኙነት ኃላፊ ሥር ነበር። አሁን የራስሽን ድርጅት መዋቅር አውጥተሽ እዪው። ብዙ ቦታ ማኅበራዊ ኃላፊነትና ባነር ማሠራት አንድ ቢሮ ውስጥ ናቸው። ሥራው የድርጅቱን ስም ማሳመር የሆነ ሰው መጥፎ ዜና ይዞ ቦርድ ፊት አይቀርብም። እንዲቀርብ የሚያደርገው ቦርዱ ነው። ተጠሪነቱን ወደ ኮሚቴሽ አምጪው።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ቦነስ የሚያገኘው በምን እንደሆነ ጠይቂ። በትርፍ ብቻ ከሆነ የምታጸድቂው ፖሊሲ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በኤጀንሲ የተቀጠሩት ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞች እጃቸው ላይ ስንት ይደርሳል? ትንንሽ አቅራቢዎች ክፍያቸውን በስንት ወር ያገኛሉ? የፋብሪካው ፍሳሽ የት ነው የሚገባው? መልሱ በቃለ ጉባዔ ይያዝ። በቡና ሰዓት የተጠየቀ ጥያቄ ቡናው ሳይበርድ ይረሳል። ነገረኛ ይሉሽ ይሆናል፤ ይበሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የቦርድ አባል በግሉም የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ያልገባሽ ሰነድ ላይ ከመፈረምሽ በፊት ከኩባንያው ጠበቃ ሌላ፣ የራስሽን ጠበቃ አማክሪ።

«ለዕርዳታ የሰጠነው ከግብር ይቀነስልናል?»

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሕጉ ለሚቀበላቸው ልገሳዎች፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ሂሳብ አዋቂዎን ይጠይቁ።

ከቨርጂኒያ የጻፉልን አባት የጡረታ ገንዘባቸው በፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን በሚገዛ ድርጅት) በኩል በትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ውሏል። «የእኔ ሳንቲም ቦርድ ላይ ምን ይፈይዳል?»

ብቻዋን ምንም። ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ኤንጂን ነምበር ዋን የተባለ ትንሽ ፈንድ፣ ከነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ሞቢል አክሲዮን 0.02 በመቶ ገደማ ይዞ፣ ስለ አየር ንብረት አልተዘጋጃችሁም ብሎ ሦስት ሰዎቹን ቦርዱ ውስጥ አስገባ። የቻለው እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎችን ገንዘብ የያዙ ግዙፍ ፈንዶች ስለደገፉት ነው። ስለዚህ ፈንድዎ ጋ ይደውሉና በስሜ ድምፅ የምትሰጡት እንዴት ነው ይበሉ። አንዳንዶቹ ምርጫዎን ይቀበላሉ። ገንዘቡን ስለማዘዋወር ከሆነ፣ ያው ባለሙያ ያማክሩ።