የመርማሪ ኮሎምቦ ተዋናይ ዓይን
«ኮሎምቦን ሆኖ የሚጫወተው ሰው አንድ ዓይኑ ሰው ሠራሽ ነበር ወይ? ወደ ትወናስ እንዴት ገባ?» ብለው ለጠየቁት፦

አዎ፣ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ድራማ «ኮሎምቦ» መርማሪውን ሆኖ የተጫወተው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በኒው ዮርክ የተወለደው ፒተር ፎክ በ3 ዓመቱ በዕጢ ምክንያት ቀኝ ዓይኑ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ተተክቶለታል። ትወናን መተዳደሪያው ያደረገው ዘግይቶ ነው፤ በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ በኮነቲከት ግዛት የበጀት መሥሪያ ቤት ሲሠራ ቆይቶ፣ 30 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ሥራውን ለቀቀ። ሁለት ጊዜ ለኦስካር ቢታጭም አልቀናውም፤ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት የሆነውን ኤሚን ግን 5 ጊዜ ወስዷል፣ 4ቱን በኮሎምቦ። ይህን ገጸ ባሕርይ ከ1968 እስከ 2003 አልፎ አልፎ እያቋረጠ ተጫውቶታል። ያ የተጨማደደ ካፖርት፣ ተሰናብቶ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ዞር ብሎ ተጠርጣሪውን አንድ ጥያቄ ሲጨምርበት የምናየው፣ የራሱ የፎክ ልብስ ነበር፤ በእኔ ግምት ከዓይኑ ይልቅ ገጸ ባሕርዩን የሠራው ካፖርቱ ነው።