ቢራውና ድስቱ እንዲስማሙ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ አነስተኛ ጠማቂዎች የሚያወጧቸውን ክራፍት ቢራዎች ቤት ውስጥ ከሚሠራ፣ ሆድ ከሚሞላ ምግብ ጋር ማጣመር። ከጥያቄዎቹ የሚበዙት የሚመነጩት ከአንድ ልማድ ይመስለናል፤ ይበልጥ መራራና ይበልጥ ጠንካራ የሆነውን ቢራ ሁልጊዜ የተሻለ አድርጎ ከመቁጠር።

ማካሮኒ በቺዝ ሠርቼ ከአይፒኤ (ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ ከበዛበት ቢራ) ጋር አቀረብኩ። ቢራው ለብቻው ሲጠጣ ግሩም ነበር፤ ከምግቡ ጋር ግን አፌ ውስጥ የቀረው ምሬት ብቻ ነው። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

ቢራው ደህና ነው፤ ምግቡ ነው የሳሳበት። የአይፒኤ መራራነት በአብዛኛው ከ40 እስከ 70 አይቢዩ ነው (አይቢዩ የምሬት መለኪያ ሲሆን ብዙ ጠማቂዎች ጠርሙሱ ላይ ይጽፉታል)። ያንን ያህል ምሬት የሚችለው ጨው፣ ስብና ጠንከር ያለ ጣዕም ያለው ምግብ ነው። ጨው ምሬትን ያለዝባል፤ የቆየ ቸዳር ቺዝ ደግሞ ከሆፑ ጋር የሚመጣጠን የራሱ ኃይል አለው። ወተትና ዱቄት በዝቶበት በለጋ ቺዝ የተሠራ ነጭ ስጎ ግን ለመራራ ቢራ የሚመልሰው ነገር የለውም።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ምግቡን ማጠንከር ነው። ለ300 ግራም ማካሮኒ 30 ግራም ቅቤ አቅልጠው 30 ግራም ዱቄት ይጨምሩና ለሁለት ደቂቃ ያማስሉ። ከዚያ 500 ሚሊ ሊትር ወተት ጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ እስኪወፍር ያማስሉና ድስቱን ከእሳት ያውርዱ። ይህችን ማውረድ ብዙ ሰው ይዘላታል። ቺዝ በሚንተከተክ ስጎ ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኑ ይኮማተርና ስቡን ይለቃል፤ ስጎው ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚለው ለዚህ ነው። ካወረዱ በኋላ 250 ግራም የተፈቀፈቀ ቺዝ (ቢያንስ ግማሹ የቆየ ቸዳር ይሁን)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና በቂ ጨው ጨምረው ከተቀቀለው ማካሮኒ ጋር ያዋህዱት። የዳቦ ፍርፋሪ በላዩ በትነው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቨን ውስጥ 20 ደቂቃ ያቆዩት። ያን ጊዜ አይፒኤው ቦታውን ያገኛል።

ሁለተኛው ምግቡን እንዳለ ትቶ ቢራውን መቀየር ነው። የሙኒክ ሄሌስ ከ16 እስከ 22 አይቢዩ ያለው ለስላሳ ላገር (በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የተብላላ ቢራ) ነው፤ የብቅሉ ጣዕም ከወተቱ ጋር ይሄዳል፣ ጋዙም ምላስ ላይ የተለጠፈውን ስብ ይጠርገዋል። ልጆች የሚበሉት ለስለስ ያለ ማካሮኒ ከሆነ ይህኛው መንገድ ይሻላል።

ቃሪያ የበዛበት ምግብ ስበላ ቢራ ማቃጠሉን ያበርዳል ይሉኛል። እኔ ግን በጠጣሁ ቁጥር ይብስብኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የሚሉዎት ሰዎች ስለ ቅዝቃዜው ከሆነ ልክ ናቸው፤ እሱም የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በውኃ አይሟሟም፤ ቢራ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። አልኮል ካፕሳይሲንን ያሟሟል፤ ሆኖም 5 በመቶ አልኮል ለዚህ የሚበቃ አይደለም። እንዲያውም አልኮሉ ራሱ ያንኑ ትኩሳት የሚሰማውን የአፍ ነርቭ ይቀሰቅሰዋል። ጋዙ በበኩሉ ይወጋል፣ የሆፑ ምሬትም አፍ ውስጥ ይቆያል። ሦስቱ ሲደመሩ 7 በመቶ አልኮል ያለው አይፒኤ በተቃጠለ አፍ ላይ ቤንዚን ነው።

ስለዚህ ሦስቱንም ዝቅ ያድርጉ። አልኮሉ ከ5 በመቶ፣ ምሬቱ ከ25 አይቢዩ እንዳያልፍ፤ ብቅሉ ግን ጎላ ያለ ይሁን። ለዚህ የሚመቹት የሙኒክ ዱንክልና ቪየና ላገር ናቸው፤ የተቆላው ብቅል የሚሰጠው የዳቦ ቅርፊት ዓይነት ጣዕም ትኩሳቱን ያለሳልሳል። የጀርመን የስንዴ ቢራም ምሬቱ ከ8 እስከ 15 አይቢዩ ብቻ በመሆኑ ይስማማል፤ ግን ጋዙ ብዙ ነው። ብርጭቆውን ሳያጋድሉ ከፍ አድርገው ይቅዱት፤ አረፋው ይነሳና አብዛኛው ጋዝ ይወጣል። ማቃጠሉን ከምር ማጥፋት ከፈለጉ ደግሞ የቢራ ጉዳይ አይደለም። የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲንን ይዞ ከምላስ ያነሳዋልና እርጎ ገበታው ላይ ያኑሩ።

ሁለት ጠርሙስ አይፒኤ ጨምሬ የበሬ ሥጋ ወጥ ለሦስት ሰዓት አበሰልኩ። ሥጋው ለስልሷል፤ መረቁ ግን እንደ መድኃኒት መረረ። ድንች ብጨምርበት ምሬቱን ይመጠዋል ወይ?

አይመጠውም። ድንች የሚመጠው መረቁን እንዳለ ነው፤ ምሬቱን ለይቶ የሚያስቀርበት መንገድ የለውም፤ የተረፈው መረቅም እንደ በፊቱ መራራ ነው።

የሆነው ይህ ነው፤ ሲበስል ውኃው ይተናል፣ አልኮሉ ይቀንሳል፣ ከሆፕ የመጣው መራራ አሲድ ግን አይተንም። መረቁ በግማሽ ሲቀንስ የእያንዳንዱ ማንኪያ ምሬት በእጥፍ ይጨምራል። አሁን ያለውን ድስት ለማዳን ጨው ያልገባበት መረቅ ጨምረው ያቅጥኑት፣ በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ያክሉበት፣ ከዚያ ጨውና ስኳር ተራ በተራ፣ በሩብ የሻይ ማንኪያ እየቀመሱ ይጨምሩ። ከጨው ይጀምሩ። ስኳር ብቻውን መራራውን ወደ መራራ ጣፋጭ ነው የሚቀይረው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ወደ ድስቱ የሚገባው ቢራ ከ25 አይቢዩ በታች፣ ቡናማና ብቅሉ የጎላ ይሁን። የቤልጂየም ደብል ወይም ዱንክል ጥሩ ነው። ለ1 ኪሎ ግራም የትከሻ ሥጋ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስና 300 ሚሊ ሊትር መረቅ ይበቃል። ሥጋውን በ4 ሴንቲ ሜትር ከትፈው በወረቀት ያድርቁት፤ እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨው ነስንሰው በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ ድስቱን ሳያጨናንቁ፣ እስኪቀላ ይጥበሱት። ሥጋውን አውጥተው በዚያው ድስት 500 ግራም ሽንኩርት በመካከለኛ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያቁላሉ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ የወጡ ጣፋጭነት በሙሉ ከዚህ ሽንኩርት ነው የሚመጣው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትነው ካማሰሉ በኋላ ቢራውን ያፍስሱና የድስቱን ታች በእንጨት ማንኪያ ይፋቁ፤ የተጣበቀው ቡናማ ነገር ከወጡ ሁሉ የሚጣፍጠው ነው። ሥጋውን፣ መረቁንና ጥቂት ጦስኝ ይመልሱ፣ ይክደኑና በ150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይተዉት።

ፍሌሚሾች (የሰሜን ቤልጂየም ሰዎች) ለዚህ ወጥ አንድ ብልሃት አላቸው፦ ሰናፍጭ የተቀባ ዳቦ ላዩ ላይ ማድረግ። በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ቢያስገቡት ዳቦው ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል። ከእሳት ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ይጨምሩና ያው ድስት ውስጥ የገባውን ዓይነት ቢራ አብረው ያቅርቡ።

ለዓሣ ጥብስ በቢራ ያቦካሁት ሊጥ ዘይት መጦ ይከብዳል። ምን ላስተካክል?

መጀመሪያ ቴርሞ ሜትር ይግዙ። ዘይቱ 180 ዲግሪ ሳይደርስ ዓሣው ከገባ ሊጡ ቶሎ አይደርቅም፤ ዘይቱ በዚያ ክፍተት ይገባል። ብዙ ቁራጭ በአንድ ጊዜ መጨመርም ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ሁለት ሁለት እያደረጉ ይጥበሱ።

የሊጡ መጠን፦ 100 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከፍሪጅ የወጣ 200 ሚሊ ሊትር ፒልስነር (ፈዛዛ ቀለም ያለው ላገር)። ቢራው የሚጨመረው ዘይቱ ከጋለ በኋላ ነው፤ ሊጡን የሚያቀለው ጋዙ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ከቆየ ጥቅሙ ይጠፋል። ጥቂት ጊዜ ብቻ ይምቱት፣ የዱቄት ጓል ቢቀር አይጨነቁ። እስኪለሰልስ ከመቱት ግሉተኑ (የዱቄቱ ፕሮቲን) ይጠነክርና ቅርፊቱ ቆዳ ይሆናል። ዓሣውን አድርቀው ደረቅ ዱቄት ላይ ካገላበጡት በኋላ ነው የሚነክሩት፤ አለበለዚያ ልባሱ ከዓሣው ይለያል። ከጠርሙሱ የተረፈውን ፒልስነር ከጥብሱ ጋር ይጠጡት፤ ለጨዋማ ጥብስ ከእሱ የተሻለ መፈለግ ድካም ነው።

የቀዳሁት ቢራ አረፋው ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ቢራው አርጅቶ ይሆን?

ብርጭቆዎ ላይ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አለ። የብርጭቆውን ውስጥ በውኃ አርጥበው ጨው ይነስንሱበት፤ ጨው ያልያዘው ቦታ ቅባት አለበት። ዕቃ ከታጠበበት ውኃ ለይተው በስፖንጅ ያጥቡት፣ በሙቅ ውኃ በደንብ ያለቅልቁት፣ በጨርቅ ሳይወለውሉ ደፍተው ያድርቁት። ጥብስ እየበሉ ከሆነ ግን ከከንፈርዎ የሚነካው ስብም አረፋ ይገድላል፤ ለሱ መድኃኒት የለውም።

ቢራ ሁሉ በጣም ቀዝቅዞ ነው መቅረብ ያለበት? ብርጭቆውንስ ፍሪዘር ውስጥ ላስቀምጥ?

ብርጭቆውን አያስቀምጡ። በረዶ የያዘ ብርጭቆ ቢራውን ያስገነፍላል፣ ሲቀልጥም ያቀጥነዋል። ቅዝቃዜ ሽታን ያፍናል፤ ላገርና የስንዴ ቢራ ከ4 እስከ 7 ዲግሪ፣ ፔል ኤልና አይፒኤ ከ7 እስከ 10፣ ስታውትና ፖርተር የሚባሉት ጥቁር ቢራዎች እንዲሁም ደብል ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲሆኑ ይጣፍጣሉ። ፍሪጅዎ 4 ዲግሪ ከሆነ ጥቁሩን ቢራ ወጡ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ያውጡት። ጠርሙሶቹን ከብርሃን ያርቁ፤ ብርሃን የሆፑን ንጥረ ነገር ሰባብሮ መጥፎ ሽታ ይፈጥራል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ደግሞ እንደ ቡናማው አይከላከልም።

ስታውት ከቸኮሌት ኬክ ጋር ይሄዳል ብለውኝ ሞከርኩ። ቢራው ቀጠነብኝ፣ እንዲያውም ጎመዘዘኝ።

ደረቅ ስታውት ነው የገዙት ማለት ነው። ከ4 እስከ 5 በመቶ አልኮል ያለው፣ ስኳሩ ተብላልቶ ያለቀ ቢራ ነው። ጣፋጭ ነገር ከበሉ በኋላ ሲጠጡት ጣፋጭነት ስለማይገኝበት የተቆላው ገብስ ምሬትና ኮምጣጣነቱ ብቻ ይሰማል። ደንቡ፣ ቢራው ቢያንስ ከኬኩ እኩል ጣፋጭ ይሁን። የወተት ስታውት (ሚልክ ስታውት) ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ይገባበታል፤ የቢራ እርሾ ላክቶስን ማብላላት ስለማይችል ጣፋጭነቱ ይቀራል። ወተት የማይስማማው እንግዳ ካለ ግን አስቀድመው ይንገሩት። ኢምፔሪያል ስታውትም ይሆናል፤ አልኮሉ ከ8 እስከ 12 በመቶ ስለሚደርስ በሰው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይቅዱ።

ወይም ኬኩን ያስተካክሉ። 70 በመቶ ካካዎ ያለው ቸኮሌት፣ ስኳሩ በሩብ የተቀነሰና ቁንጥር ጨው የገባበት ኬክ ከደረቁ ስታውት ጋርም ይታረቃል። ቺዝ ኬክ ከሆነ ጥቁሩን ትተው በቼሪ የተሠራውን የቤልጂየም ክሪክ ይሞክሩ፤ ኮምጣጣነቱ ክሬሙን ይቆርጠዋል።

በቢራ የበሰለ ወጥ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል? አልኮል የማይቀምሱ እንግዶች አሉኝ።

አይጠፋም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ ከምግቡ ጋር ተደባልቆ ሲበስል ከ15 ደቂቃ በኋላ ከአልኮሉ 40 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 25 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ ገደማ ይቀራል። ረጅም ጊዜ በበሰለ ወጥ ውስጥ የሚቀረው በጣም ትንሽ ነው፤ ግን የማይቀምስ ሰው በሃይማኖቱም ይሁን በጤናው ምክንያት «ትንሽ» የሚለውን እሱ ራሱ እንዲወስን ይተዉለት። ለሊጡና ለቶሎ ስጎ ደግሞ ጭራሽ አይተማመኑ።

ከአልኮል ነፃ የሚባለው ቢራ በብዙ አገር እስከ 0.5 በመቶ ሊኖረው ይችላል፤ 0.0 የሚለውን ይፈልጉ። ከተለመደው ቢራ ጣፈጥ ስለሚል ወጡ ውስጥ ሲያስገቡት የስኳሩን ነገር ይተዉና ኮምጣጤውን ወደ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያድርጉት። ሊጡ ላይ ከፒልስነሩ ለመለየት ያስቸግራል።