ፑሽ ያደረግሁት ኮድ ጊትሀብ ላይ ለምን አይታይም?

ወንድሜ፣ ከመሐል ሜዳ የላክኸውን ጥያቄ አነበብሁት። «ጊት አድ ብዬ ጊት ፑሽ አደረግሁ፤ ጊትሀብ ላይ ግን የሚታየው ያው የድሮው ኮድ ነው፤ ለጀማሪ የትኞቹ ትእዛዞች ይበቃሉ?» ነው ያልኸው። ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም፣ ጊትሀብ ደግሞ ያ ኮድ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው። ፑሽ ስታደርግ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የምትጽፍበት መስኮት) የሚላክ አዲስ ነገር እንደሌለ የሚገልጽ አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ መልሶልህ ከሆነ፣ የዘለልኸው ጊት ኮሚትን ነው።

ነገሩ ለእኔ የገባኝ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መስዬ ሳየው ነው። ጊት አድ የሚላኩትን ወረቀቶች ለይቶ አቃፊ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ጊት ኮሚት መዝገብ ቤት ወስዶ ቁጥርና ቀን ማሰጠት ሲሆን፣ ጊት ፑሽ የሚልከው ቁጥር ያገኘውን ብቻ ነው። አቃፊው ውስጥ የገባው የዚያች ሰዓት ቅጂ ስለሆነ፣ ከአድ በኋላ ፋይሉን እንደገና ከነካካኸው አዲሱ ለውጥ ሌላ አድ ይፈልጋል።

አዲስ ፎልደርን በጊት ለማስጀመር ጊት ኢኒት፣ ጊትሀብ ላይ ያለ ሥራን ወደ ኮምፒውተርህ ለመቅዳት ጊት ክሎን አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋሉ። ጊት ስታተስን ግን ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊትና በኋላ ጻፈው፤ አድ ያልተደረገውን በቀይ፣ የተደረገውን በአረንጓዴ ያሳይሃል።

ፕሮግራመሩ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ጊትን ሲሠራ ሙሉው ታሪክ በየሰዉ ኮምፒውተር እንዲቀመጥ ስላደረገ፣ ኮሚት ኢንተርኔት አይፈልግም። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን ኔትወርክ ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ኮሚት እያደረግሁ እቆይና ሲመለስ አንድ ጊዜ ፑሽ አደርጋለሁ። ከሌላ ሰው ጋር የምትሠራ ከሆነ ከፑሽ በፊት ጊት ፑል ብለህ የእሱን አዲስ ለውጥ ወደ ኮምፒውተርህ አምጣ።

ስለ አንድ ትእዛዝ ግን ላስጠንቅቅህ። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ በዚህ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ፣ የአንዲት ፋይል ለውጥ ለመሻር ብዬ ጊት ሪሴት ሰረዝ ሰረዝ ሀርድ ጻፍሁ፤ ኮሚት ያላደረግሁት የሦስት ቀን ሥራ በአንዲት ኢንተር ጠፋ። ጊት ሪስቶር ከፋይሉ ስም ጋር ይበቃኝ ነበር። እሱም ቢሆን ያልተመዘገበ ለውጥ ስለሚያጠፋ፣ አስቀድመህ በጊት ዲፍ ምን እንደምታጣ ተመልከት።

ብራንች (ከዋናው ኮድ ለይተህ የምትሠራበት ቅርንጫፍ) ለጊዜው ይቆይህ። አሁን ጊት ኮሚት ሰረዝ ኤም ብለህ የቀየርኸውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ በአጭሩ ጻፍ፤ ቀጥለህ ፑሽ አድርግና ካልሆነ ጊት ስታተስ የሚሰጥህን መልስ እዚሁ ለጥፍልን።