የሌሊት ወፎቹን የሚጠብቅ ሕግ አለ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «በቀበሌያችን ዋሻ ውስጥ በርበሬና ጎማ እያጨሱ የሌሊት ወፎችን እየጨረሱ ነው፤ የሚከለክል ሕግ አለ?» ብለሃል። አለ። እኛም ከሸዋ ሮቢት ወጣ ባለ ቀበሌ ይኸው ገጥሞን አስቁመናል።

1. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ን አትመህ ያዝ። የሌሊት ወፍ የሚል ቃል ፍለጋ አትድከም። ትርጓሜው ላይ ሂድ። ከዓሣ በቀር ለማዳ ያልሆነ እንስሳ ሁሉ የዱር እንስሳ ነው።

2. አቤቱታህን በጽሑፍ አስገባ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጥህ። በቃል ብቻ መሄድ ምን እንደሚያመጣ ልንገርህ። አንድ ቢሮ ገብተን ገና ሳንጨርስ ኃላፊው «አንበሳ ነው ዝሆን? ለሌሊት ወፍ ነው ሥራ የምታስፈቱኝ?» አለና ስልኩን ማውራት ጀመረ። አብረውን የመጡት ሽማግሌ ቆመው ቀሩ። ተቀመጡ እንኳ አላላቸውም! እስካሁን ያንገበግበኛል። ኋላ አዋጁንና ማመልከቻውን ይዘን ስንመለስ ያው ሰውዬ አንብቦ ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፈ።

3. ገበሬውን በሕግ ብቻ አታስፈራራው። እኛ ጋ ሰውን የመለሰው ማሽላው ነው። ማሽላውን የሚያጠፋው ትል፣ አገዳ ቆርቁር፣ የሚፈለፈለው ሌሊት ከምትበር የእሳት እራት እንቁላል ነው። የሌሊት ወፍ ደግሞ የእሳት እራት ትበላለች። በዚያ ላይ እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ካጨሱ በኋላ ዋሻው ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ፤ እናትየው ሞታ ወድቃለች፣ ልጇ ጡቷን እንደያዘ ነው። ይህን ለስብሰባው ስነግር ዝም አሉ። ከዚያ እኚያው ሽማግሌ ተነሥተው «መንዞች የጓሳን ሣር ምድር በቄሮ ሥርዓት፣ ግጦሽና አጨዳን በሚገድበው የአባቶች ደንብ፣ ስንት ዘመን ጠብቀው አቆዩት፤ እኛ አንድ ዋሻ ያቅተናል?» አሉ። እዚያው ውስጠ ደንብ ጻፍን። እሳት ማንደድም አፉን መድፈንም ተከለከለ። በሽማግሌዎቻችን እኮራለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ውስጥም ካሉ ሰበካ ጉባኤውን ቀድመህ አነጋግር። ማታ እናቶቹ ሲወጡ ቀዳዳውን ከደፈኑት ልጆቹ ውስጥ ያልቃሉ። ልጆቹ መብረር እስኪችሉ ይታገሡ። በባዶ እጅ ማንም እንዳይነካቸው። የነከሰችው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና በደንብ አጥቦ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋል።

ደብዳቤው ሲወጣ ኮፒውን ለፖሊስም ስጥ። የእኛን ማመልከቻ ማየት ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ።